ጉሉማ ከኮምባይነር ሲወርድ

ጉሉማ አንድ ቦታ የሚረጋ ሰው አልነበረም። ሮቤ ዙሪያ ያለው ስንዴ ሲደርስ ኮምባይነር ላይ ይወጣል፤ የባሌው ሲያልቅ ማሽኑን እየነዳ ወደ አርሲ ይሻገራል፤ ከዚያ ሲመለስ ደግሞ የበልጉ አዝመራ ይጠብቀዋል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረ። ቤቱ ሲገባ እንኳ ሻይ ቁጭ ብሎ አይጨርስም፤ ብርጭቆውን ይዞ በረንዳው ላይ ይንጎራደዳል። መናኸሪያው አጠገብ ልብስ የምትሰፋው ሚስቱ ሞሚና፣ «ወንበሩ ይወጋሃል እንዴ?» ትለው ነበር።

አንድ የታኅሣሥ ቀን ከሮቤ ወጣ ብሎ የኦቦ ሂካን ማሳ ሲያጭድ ደመና መጣ። ኦቦ ሂካ ስልሳ ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። ዝናቡ ሳይቀድማቸው ለመጨረስ ሁለቱም ተጣድፈዋል። በዚህ መሃል እርጥብ ገለባ የማሽኑን አፍ ዘጋው። ጉሉማ ሞተሩን ማጥፋት እንዳለበት ያውቃል። ግን ባትሪው ደክሟል፤ አንዴ ከጠፋ ማስነሳቱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። እንደበራ ትቶት ወረደ። መፍቻ ሊያነሳ ዞር ሲል ሽማግሌው ገለባውን ለመጎተት እጃቸውን ሰደዱ።

ጩኸቱን ሰምቶ ሲዞር ሦስት ጣቶቻቸው የሉም።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር እስካሁን ይገርመዋል። ያ ችኩል ሰው ረጋ አለ። ሸሚዙን አውልቆ፣ አጥፎ ቁስሉ ላይ ጫነው፤ እጃቸውን ወደ ላይ አንስቶ ያዘ። በመንገዱ የሚያልፍ ፒክአፕ አስቁሞ ጎባ ሆስፒታል እስኪደርሱ ድረስ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አልለቀቀም። ድንገተኛ ክፍል የተቀበሏቸው ሲስተር እኅተማርያም፣ ሃምሳ የሚሆናቸው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነርስ ነበሩ። ጨርቁን ገልጠው አዩና፣

«ይህን ማን ያዘው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለ ጉሉማ፣ ቁጣ እየጠበቀ።

«ደግ አድርገሃል። ብዙ ደም ሊፈሳቸው ይችል ነበር።»

ኮሪደር ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። ሴትዮዋ ያላወቁት ነገር አለ፤ ማሽኑን ሳያጠፋ የወረደውም እሱ ነው።

የኦቦ ሂካ ልጅ ሩቅ ካለችው ከብድሬ ከተማ እስኪመጣ አራት ቀን ፈጀበት። እነዚያን አራት ቀናት ጉሉማ አስታማሚ ሆኖ ተቀመጠ። ተቀመጠ ማለት ግን ያስቸግራል። አንዴ የጎረቤት በሽተኛ ያነሳል፣ አንዴ ውኃ ይቀዳል፣ አንዴ አልጋ ይገፋል። ዓይኑ ግን ነርሶቹ እጅ ላይ ነበር፤ ፋሻ ሲፈቱ፣ ደም ሥር ሲፈልጉ፣ ያመመውን ሰው ሳያስጮኹ ሲያገላብጡ። በሦስተኛው ቀን ሲስተር እኅተማርያም ቆም ብለው፣

«አንተ ልጅ፣ ስንተኛ ክፍል ነህ?» ብለው ጠየቁት።

«አሥራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ። ድሮ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አሉና ትሪያቸውን ይዘው ሄዱ።

ያቺ ጥያቄ እረፍት ነሳችው። ሥራ ላይ ሆኖ ትመጣበታለች፤ ምግብ ቀርቦለት ትመጣበታለች። በመጨረሻ ወደ ኦቦ ሂካ ቤት ሄደ። እጃቸው ድኖ በግራቸው ሻይ ይጠጣሉ።

«ሞተሩን ማጥፋት ነበረብኝ» አላቸው። «ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ሞተሩ ሲጮህ እኔም እሰማ ነበር፤ ደንቆሮ አይደለሁም። በአንተ ቂም የለኝም» አሉ። ከዚያ የተበላሸውን እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡት። ጉሉማ ጠባሳው መዳፉ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሻለው ወሰነ።

ነርስነት ልማር ብሎ ለሞሚና ነገራት። ኢህሳን፣ ትልቋ ልጃቸው፣ አምስት ዓመቷ ነው፤ ትንሿ መርዋ ገና ጡት አልጣለችም። ሞሚና መቀሷን አስቀምጣ ትኩር ብላ አየችው።

«ሦስት ዓመት ክፍል ውስጥ? አንተ?»

«እኔ።»

«የምትቀመጥ ከሆነ እኔ እሸከማለሁ» አለች። «ግማሽ መንገድ ላይ ተነሥተህ ከሄድክ ግን አልችልህም።»

ሮቤ ያለ አንድ የግል ጤና ኮሌጅ ነርሲንግ ተመዘገበ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ የሰው ባጃጅ ይነዳል፤ ሁለት ሰዓት ሲሆን ለባለቤቱ አስረክቦ ክፍል ይገባል። ከሰዓት መርዋን ተቀብሎ፣ ሞሚና ስትሰፋ እሱ ልጅቷን አዝሎ እየተራመደ ያጠናል፤ ቁጭ ብሎ ማጥናት አልሆነለትም። አብረውት የሚማሩት የሃያ ዓመት ልጆች «ጋሼ» ይሉታል። ከሁሉም የከበደው መርፌ ነበር። ብሎን ሲያጠብቅ የኖረ እጅ ቀጭኗን መርፌ እንደ መፍቻ ጨምድዶ ይይዛታል። የመጀመሪያዋን ደም ሥር ሳታት፤ ሁለተኛዋንም። ሦስተኛዋን ያገኘ ቀን ለሞሚና ሊነግራት ከኮሌጁ እስከ መናኸሪያው በሩጫ ሄደ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ኅዳር መጣ። የስንዴው ጊዜ። ከከተማው ዳር የኮምባይነሮቹ ድምፅ ክፍል ድረስ ይሰማል፤ ጉሉማም አስተማሪውን መስማት ይተዋል። በዚያው ሳምንት የድሮ አሠሪው አቶ ደምመላሽ ደወሉ።

«ኦፕሬተሩ ጥሎኝ ሄደ፤ ስንዴው ቆሞ እየረገፈ ነው። አሥራ አምስት ቀን ብቻ ድረስልኝ፣ ጉሌ።»

ወቅቱ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ጎባ ሆስፒታል ለተግባር ልምምድ የሚወጡበት ነበር፤ ጉሉማም በሽተኞች መንከባከብ ጀምሯል። ባጃጁም ከተበላሸ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ቤቱን የያዘችው የሞሚና የልብስ ስፌት መኪና ብቻ ናት። ያ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ጉሉማን የወሰደው ችግሩ ብቻ አልነበረም፤ እግሩ ራሱ ናፍቆ ነበር። ለሞሚና ጎባ እሄዳለሁ ብሎ፣ ነጭ ጋዋኑን በፌስታል ይዞ ወጣና ማሳ ገባ።

በስድስተኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ከማሽኑ ፊት ለፊት አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ገለባውን እየረገጠች ስትመጣ አየ። ሞሚና ናት። ከኮምባይነሩ ፊት ቆመች። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

«ሲስተር እኅተማርያም ደወሉልኝ» አለች። «ጉሉማ ታሞ ነው ወይ ብለው። እኔ ደግሞ ምን እንዳልኳቸው ታውቃለህ? እናንተ ጋ አይደለም እንዴ አልኳቸው። አፈርኩ።»

«ሞሚ፣ ቤቱ እኮ...»

«ቤቱን እኔ ይዣለሁ። ያዥልኝ አልከኝ፣ ያዝኩት። ኢህሳን ትምህርት ቤት አባትሽ ምን ይሠራል ሲሏት ሰው ያክማል አለች። ልጄን ውሸታም አታድርግብኝ።» መርዋ ጀርባዋ ላይ ሆና እጇን ወደ አባቷ ዘረጋች። ሞሚና ፈቀቅ አለች። «በአቧራ እጅህ አትንካት። ተመለስ ወይም ቅር፤ እኔ እሄዳለሁ።»

ለአቶ ደምመላሽ ሰው እስኪያገኙ ሁለት ቀን ሰጣቸው፤ ከዚያ ቁልፉን አስረከበ። እሳቸውም ተቆጡ፤ እስከ ዛሬ በመንገድ ሲያገኙት ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነው። ሲስተር እኅተማርያም ግን አልጮኹም። ያ ነው የባሰው።

«አልጋ ሰባት ላይ የነበሩት ሴትዮ፣ ያ የሚንጎራደደው ልጅ የት ሄደ እያሉ ሦስት ቀን ጠየቁኝ» አሉት። «ምን ልበላቸው?»

«አሁንም አሉ?»

«ወጥተዋል።»

ያመለጠውን ልምምድ በሦስተኛው ዓመት ክረምት ላይ ከሥር ከሚመጡት ተማሪዎች ጋር ደገመው። ጓደኞቹ ተመርቀው ፎቶ ሲነሡ እሱ ገና ፋሻ ይጠቀልል ነበር። ስድስት ወር ዘገየ። አልጋ ባየ ቁጥር እኒያን ሴትዮ ያስባቸዋል፤ ስማቸውን እንኳ አለመጠየቁ ይቆጨዋል። ከዚያ ወዲህ በሽተኛ ሲቀበል መጀመሪያ ስም ይጠይቃል።

የብቃት ምዘናውን በአንድ ጊዜ አለፈ። ሥራ ያገኘው ከዲንሾ አለፍ ብሎ ባለ ትንሽ ጤና ጣቢያ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ሰው በፈረስ፣ በሞተር ሳይክል፣ አንዳንዴም በሰው ሸክም ይመጣል። «ብራዘር ጉሉማ» ይሉታል። ለክትባት ሲወጣ የበረዶ ሣጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ከመንደር መንደር ይዞራል፤ ይህን ሥራ ባልደረቦቹ ሲሸሹት እሱ ይሽቀዳደምበታል። አሁን ደግሞ በቅዳሜና እሁድ ጎባ ወርጄ ዲግሪ ልማር ማለት ጀምሯል። ሞሚና ይህን ስትሰማ፣ «አቦ፣ መጀመሪያ አንድ ቤት አብረን እንግባ» አለችው። እሷና ልጆቹ ሮቤ ነበሩ፤ ስምንት ወር እንዲህ ተለያይተው ከረሙ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹን ይዛ በሚኒባስ መጣች፤ የሚከራይ ቤት ሊያዩ። አከራይዋ ወይዘሮ ዙቤዳ በሩን ከፈቱላቸው። ሁለት ክፍል ነው፤ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ መስኮቱ ጠባብ። ኢህሳን ክፍሉን በእርምጃዋ ለካችው። ሞሚና ጥግ ጥጉን እያየች ሳለ አንድ ሞተረኛ ከውጭ ተጣራ፤ ምጥ የያዛት ሴት ጤና ጣቢያው ደርሳለች፤ አዋላጇ ብቻዋን ናት።

ጉሉማ ሚስቱን አየ።

«ምን ታየኛለህ?» አለች። «ሂድ እንጂ።»

ሞተሩ ላይ ተፈናጥጦ ሄደ። ሞሚና ወደ ወይዘሮ ዙቤዳ ዞረች።

«መብራቱ ምን ያህል ይጠፋል፣ እማማ? የልብስ መስፊያ መኪና አለኝ። ይህን መስኮትስ ማስፋት ይፈቅዱልኛል?»