የፕሩሲያ ጦር የደረሰበት ሰዓት

ባለፈው ወር የልጄ ልጅ ለእረፍት ከጎንደር መጥቶ ሰቆጣ እኔ ዘንድ ሰነበተ። ኮምፒውተሩ ላይ ናፖሊዮንን የሚያዋጋበት ጨዋታ አለው። ፈረሱ ይጋልባል፣ መድፉ ይጨሳል፣ እሱ ግን ያማርራል። «አባባ፣ ይዩት እስቲ! ይሄ ጦር በዚያ ቀን እዚህ ቦታ አልነበረም» ይላል።

«ጨዋታ አይደለም እንዴ ልጄ? ምን አንገበገበህ?» አልኩት።

«ሐሰት ከሆነማ ያሸነፈውም አላሸነፈም፣ የተሸነፈውም አልተሸነፈም» አለኝ።

ጋቢዬን ደርቤ ወደ ደጅ ወጣሁ። የልጅ ወሬ እንዲህ ያሳመመኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

እኛም በዘመናችን ናፖሊዮንን አዋግተናል፤ ያውም በባቄላ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን መምህር ደሳለኝ የሚባሉ የታሪክ አስተማሪ ነበሩን፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ከአንድ ኮት በቀር የሌላቸው ሰው። ግቢው ላይ የዋተርሉን ሜዳ በአመድ ያሰምሩናል፤ ለኮረብታው ድንጋይ ያስከምሩናል። ፈረንሳይ ባቄላ፣ እንግሊዝ አተር፣ ፕሩሲያ ማሽላ ነበር። እህሉን የምናዋጣው ከየስንቃችን ነው፤ የሞተው ወታደር ተቆልቶ ይበላል። አንድ ጊዜ የዘበኛው ዶሮ የእንግሊዝን ግራ ክንፍ ለቅማ ጨረሰችና መምህር ጨዋታውን ከአንድ አስጀመሩት። «ዋተርሉ ላይ ዶሮ አልነበረችም» አሉ፣ ሳይስቁ።

እውነት የሚሉት ነገር ያሳብዳቸው ነበር። ከውጊያው በፊት በነበረው ሌሊት ዝናብ ስለጣለ፣ ናፖሊዮንም ጭቃው እስኪጠነክር ስለጠበቀ፣ እኛም ሜዳውን በባልዲ ማራስ ነበረብን። ወሩ መጋቢት ነው፤ ሰቆጣ ውሃ በወረፋ የሚቀዳበት። ጀሪካን ተሸክመው የሚያልፉ እናቶች «ምነው ልጆቼ፣ ሰው ጠምቶት አፈር ታጠጣላችሁ?» ይሉን ነበር። ደረቁ አፈር ሲርስ ክረምት ክረምት ይሸታል፤ እኔ ለትምህርት ከሩቅ ገጠር የመጣሁ ነኝና ያ ሽታ አገሬን ያስታውሰኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ደሴ ላይ የትምህርት ቤቶች የታሪክ ውድድር ተዘጋጀ። መምህር ሁለት ተማሪ ብቻ ይዘው እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው፤ በጨዋታው ያሸነፈ አንድ፣ የውጊያውን የሰዓት ሰንጠረዥ ያዘጋጀ አንድ። ሰንጠረዡን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እንግሊዝኛዬ ይሻል ነበር። መኪና ላይ ወጥቼ ስለማላውቅ ደሴ፣ ደሴ እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ባቄላውን የያዘው ኪሮስ ነው። ኪሮስ የሰቆጣ ዙሪያ ልጅ ነው፤ አንድ ክፍል ተከራይተን ከአንድ አገልግል እንበላለን። አባቱ አንድ ቀን ገበያ መጥተው በኽምጣና ረዘም ያለ ነገር ተናገሩት። እኔ ቋንቋውን ስለማልሰማ ምን እንዳሉት ጠየቅሁት።

«ትምህርቱ የሚያመጣውን እስከ ፋሲካ ካላሳየኸኝ በሬዎቹ ይጠብቁሃል አለኝ» አለ። «ደሴ ከሄድኩ ግን ይተወኛል።»

ፈረንጅ ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊትና ከእኩለ ቀን ይቆጥራል፤ እኛ ከማለዳና ከምሽት። ስለዚህ የመጽሐፉን ሰዓት ሁሉ በስድስት እያሸጋሸግሁ ገለበጥኩ። አንዱን ብቻ ረሳሁ። ከእንግሊዝ ጎን የተሰለፈው የፕሩሲያ ጦር በሰባት ሰዓት ደረሰ ይላል መጽሐፉ፤ በእኛ ከምሽቱ አንድ ሰዓት መሆኑ ነው። እኔ ሰባት ብዬ ተውኩት፤ ጦሩን ስድስት ሰዓት አስቀድሜ አደረስኩት።

ጨዋታው ቅዳሜ ጠዋት ተጀመረ። ለእያንዳንዱ የውጊያ ሰዓት መምህር እንደ ደወል የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ ይደውላሉ። የኪሮስ ባቄላ ጭቃውን አልፎ ኮረብታው ሥር ሲደርስ የሰባት ሰዓቱ ተደወለ። እንግሊዝን የያዘችው፣ ከአምደወርቅ ከተማ የመጣችው ልጅ ማሽላዋን በእፍኝ አምጥታ ከአተሩ ጎን ደረደረችው። ኪሮስ ብድግ አለ።

«መምህር፣ እነዚህ ሰዎች የደረሱት ሊመሽ ሲል ነው። እርስዎ ራስዎ ነግረውናል።»

መምህር ወደ እኔ ዞሩ። «መጽሐፉን አይተህ ና።»

ከክፍሉ ጀርባ ሄጄ ገለጥኩት። ሰባት ሰዓት ይላል፤ ምሽት የሚለው አብሮት አለ። ብናገር ሰንጠረዡ የተበላሸ፣ ሠሪውም ከደሴ ቀሪ ነው። ተመለስኩ።

«እንዴት ነው?» አሉ መምህር።

«እንደጻፍኩት ነው።»

መምህር ግንባራቸውን አሹ። በቃል የሚያስታውሱትን ከመጽሐፍ አያስበልጡም ነበር። ኪሮስ አየኝ፤ ለረጅም ጊዜ አየኝ። «እሱ ካለ እሺ» ብሎ ተቀመጠ። ምሳ ሳይደርስ ባቄላው ተለቅሞ አለቀ።

በማግስቱ ወደ ቤተሰቦቹ ሄደ፤ ሰኞ አልተመለሰም። አገልግሉ ውስጥ የተረፈውን በሶ ለእኔ ትቶልኝ ነበር። በልቼ ጨረስኩት፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። እኔና እንግሊዝን የያዘችው ልጅ ደሴ ሄድን፤ በመጀመሪያው ቀን ተሸነፍን። ከመኪናው ማቅለሽለሽ በቀር ከመንገዱ የማስታውሰው የለኝም። እኔ ታሪክ አስተማሪ ሆኜ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ፤ ኪሮስ እርሻው ላይ ቀረ። ገበያ ስንገናኝ ስለ ዝናቡ፣ ዐረብ አገር ስለሄዱት ሁለት ልጆቹ እንጨዋወታለን። የዚያን ቀን ነገር ግን አንስተን አናውቅም። እኔም ለራሴ «ስህተት ነው፣ ልጅነት ነው» እያልኩ ኖርኩ።

የልጅ ልጄ በሄደ በሳምንቱ በሚኒባስ፣ ከዚያም በእግሬ ኪሮስ ቤት ደረስኩ። ደጁ ላይ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። ጠላ አስቀዳልኝ። መጽሐፉ ላይ ምሽት የሚለውን አይቼ መዋሸቴን ነገርኩት።

«አውቃለሁ» አለ፣ ከገመዱ ቀና ሳይል። «ያኔ ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ላይ ቆጠርኩት። ስድስቱን ረስተሃል።»

«ታዲያ ምነው ተመልሰህ ለመምህር አልተናገርክ? ይሰሙህ ነበር እኮ!»

«ተሳስተህ ብቻ ቢሆን እመለስ ነበር። አንተ ግን አይተህ ነው የመጣኸው። ከክፍሉ ጀርባ ስትመለስ ፊትህን አየሁት። ከአንድ አገልግል አብሬው የበላሁትን ሰው ውሸታም ብዬ በአደባባይ ላቁመው?» ገመዱን ጎትቶ አጠበቀው። «ጠጣ እንጂ።»

ጠጣሁ።

ይኸው ሁለት ሳምንት አለፈ፤ እህል አይበላልኝም። ያታለልኩት ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን እኔ እንዳልዋረድ ብሎ፣ እያወቀ፣ ትምህርቱን ትቶ ከበሬዎቹ ኋላ ዕድሜውን ጨረሰ። ያን ቀን ይቅርታ ልጠይቀው ሄጄ ሳልጠይቀው ተመለስኩ፤ ምኑን ይቅር በለኝ እንደምለው ጠፋኝ።