በማር የተሰጠች ልጅ

ከሰፈፉ ያልተለየ ማር በሸተተኝ ቁጥር የሞጣው ቤታችን ከነዝምታው ይመጣብኛል። ተወልጄ አምስት ዓመት የኖርኩት ቢቸና ነበር፤ ለአባቴ ሰባተኛ ልጁ ነበርኩ። በአንድ ኅዳር በበቅሎ አፈናጦ ሞጣ ድረስ ወሰደኝና፣ ልጅ ላልወለዱት የሩቅ ዘመዱ ለእማማ ጥሩ ሰጠኝ። እርሳቸውም አውራ ጣታቸውን ማር ነክረው፣ ሦስት ሽማግሌዎች እያዩ አላሱኝና የጡት ልጃቸው ሆንኩ። አባቴ በቅሎውን ፈቶ ሲሄድ እኔ ከንፈሬን እየላስኩ ነበር፤ ለዚህ ራሴን ዛሬም ይቅር አላልኩም።

ክረምት ክረምት እማማ ጥሩ ጥጥ ሲፈትሉ፣ እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ጎርፉን እያየሁ የስድስቱን እህት ወንድሞቼን ስም በየተራ እጠራ ነበር። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ወሬ ግን አያውቁም ነበር፤ እኔም ከድመቷ ጋር ማውራት ለመድኩ። አባቴ ኅዳር በመጣ ቁጥር በቅል ማር ይዞ ይመጣና አድሮ ይመለስ ነበር፤ እኔም ከኅዳር እስከ ኅዳር እርሱን እጠብቅ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ፣ በጥር፣ እማማ ጥሩ ሞቱ። ኑዛዜ አልተዉም፤ «ልጄ እያለች ምን ኑዛዜ ያሻኛል?» ይሉ ነበር። አርባቸው እንደወጣ ወንድማቸው «የምን ወራሽ ናት? የተጻፈ ነገር የለ!» ብሎ በቤቱና በጓሮው ከሰሰኝ። ዳኛው አዲሱ ሕግ ጉዲፈቻ በጽሑፍ ውል ይሁን ቢልም፣ የእኔ ከሕጉ በፊት የሆነ ነውና ምስክር ይሰማ አሉ። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ሞተዋል፤ የሦስተኛው ጆሮ አይሰማም። ስለዚህ አባቴ ተጠራ።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ እኔ የምመኘው መረታቴን ነበር። ቤቱ ከሄደ አባቴ ይዞኝ ቢቸና ይመለሳል ብዬ፣ ልብሴን በነጠላ ቋጥሬ ችሎት ይዤው ገባሁ።

ሚያዝያ ነበር። አባቴ ምሎ እንደቆመ ዳኛው ወደ እኔ ጠቁመው «ይቺ ልጅህ ናት?» አሉት።

ጋቢውን አስተካከለ።

«አይደለችም፣ ጌታዬ። በማር ሰጥቻታለሁ፤ የእመት ጥሩ ልጅ ናት። ከእኔ ርስት ድርሻ የላትም» አለ፣ ድምፁ ሳይሰበር።

ረታሁ። ውጭ ስንገናኝ «እግሬ ከቤትሽ ከታየ ከሳሽሽ አሁንም የአባቷ ልጅ ናት ብሎ ይግባኝ ይልብሻል፤ እዚህ ያለሽ ይሻልሻል፣ እኔ ጋ ምን አለ ብለሽ?» ብሎኝ በበቅሎው ሄደ። በሚቀጥለው ኅዳር ማር አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም።

ዛሬ ጉዲፈቻውም ኑዛዜውም በማኅተም ሆኗል፤ ደግ ሆነ። እኔም የልጆቼን ስም አንድ በአንድ አስጽፌ ኑዛዜዬን አስቀምጫለሁ። ያኔ የነበረኝ ወረቀት የአባቴ አፍ ብቻ ነበር፤ በዚያ አፍ የተገኘው ቤት እስከ ዛሬ የእኔ ነው። ለእኔ ብሎ እንዳደረገው አውቃለሁ። ግን ቃሉን ከመስጠቱ በፊት አንዴ ዞር ብሎ ቢያየኝ ኖሮ፣ ጉልበቴ ላይ የያዝኩትን ቋጠሮ ያይ ነበር።