ከፓርክዴል እስከ ስካርቦሮ፦ የእማማ ግዌን ጎዶሎ ዜማ

ማርች አንድ፣ ማለዳ፣ ፓርክዴል

ሰው ፓሪስ ደርሶ የጉዞ ማስታወሻ ይጽፋል። እኔ ከፓርክዴል ስካርቦሮ ሄጄ ነው የምጽፈው። በዚህ ብርድ በጎዳናው ባቡር በስትሪትካር፣ በምድር ሥሩ ባቡር በሰብዌይና በባስ ቶሮንቶን ከዳር እስከ ዳር ያቋረጠ ሰው ግን አይስቅብኝም።

ጎህ ሳይቀድ ከአፓርታማችን ወጣን። በረዶው በጨው ሟሙቶ ጭቃ ሆኗል። አብረውኝ ያሉት የጎን ጎረቤቴ እማማ ግዌን ናቸው። የዌልስ ሰው ናቸው፤ ሰባን አልፈዋል፤ ጉልበታቸው ደረጃ ስለማይወድ ክንዳቸውን ይዣለሁ። የምናወራው በእንግሊዝኛ ቢሆንም በልቤ ሁሌም አንቱ ነው የምላቸው፤ እዚህም እንደዚያው እጽፈዋለሁ። ዛሬ የዌልሶች የቅዱስ ዳዊት በዓል ነው። በአንድ እጃቸው ቢጫ አበባ፣ በሌላው ዘቢብ የገባበት ትንንሽ ቂጣ በፌስታል ይዘዋል።

የምንሄደው ስካርቦሮ፣ አረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ወዳሉት ታላቅ ወንድማቸው ነው። ኤምሊን ይባላሉ። የመርሳት በሽታ መጀመሪያ እንግሊዝኛቸውን ወሰደባቸው፤ ዌልስኛ ብቻ ቀረ። ቅጠል ከሚረግፍበት ወራት ወዲህ ግን እሱንም ትተው ዝም ብለዋል። እህታቸው ሁለት ጊዜ ቢሄዱም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩባቸው።

"አንዴ ቢያውቀኝ ሌላ አልፈልግም" አሉኝ እማማ ግዌን፣ ፌርማታው ላይ ቆመን።

ስትሪትካር ውስጥ

በሕንጻዎቹ መሃል ሐይቁ ብልጭ ይላል፤ ግራጫ ነው። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውት ተቀመጡ።

"ውሃ እንዲህ ጸጥ ሲል አልወደውም።"

ታሪኩን ያኔ ነው የነገሩኝ። በፈረንጅ 1965፣ በእኛ 1958 መጀመሪያ፣ ሰሜን ዌልስ ውስጥ ትረወሪን የሚባል ሸለቆ በግድብ ውሃ ተሞላ። ውሃው ለእንግሊዟ ሊቨርፑል ከተማ ነው። ካፔል ኬሊን የተባለው መንደራቸው ከነጸሎት ቤቱ፣ ከነትምህርት ቤቱ ከሥር ቀረ። የመንደሩ ሰው ሊቨርፑል ድረስ ሄዶ ሰልፍ ወጥቶ ነበር። ሰሚ አልተገኘም። እኛ "ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው" እንላለን፤ የእነሱ ግን ሊያሳስቅም አልሞከረም፤ በአዋጅ ነው የመጣው። ያኔ ኤምሊን ጎረምሳ፣ ግዌን ገና ልጅ ነበሩ።

"ድርቅ ሲሆን የድንጋይ አጥሩ ብቅ ይላል" አሉኝ። "ዝናብ እንዳይዘንብ የሚጸልይ ገበሬ አይተህ ታውቃለህ? እናቴ ነበረች።"

አባቴ ትዝ አለኝ። በቆቃ ባለፍን ቁጥር በአውቶቡሱ መስኮት ጣቱን ቀስሮ "የአያትህ ቤት እዚያ ሥር ነው" ይለኝ ነበር። እኔ የማየው ውሃና ወፍ ብቻ ነበር። ዛሬ አጠገቤ ቢሆን፣ በሩ በየት በኩል እንደነበር እጠይቀው ነበር።

ዳንፎርዝ

የታመመ ሰው ጥየቃ ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ ከሰብዌይ ወጣንና ከአበሻ ሱቅ ብርቱካን ገዛሁ።

"ማን ታሞ ነው?" አለችኝ ባለሱቋ።

"የእሳቸው ወንድም። የዌልስ ሰው ናቸው።"

"ዌልስ ያው እንግሊዝ አይደል እንዴ?"

እማማ ግዌን ከአማርኛው የገባቸው "እንግሊዝ" የምትለዋ ብቻ ነች። እሷ በቃቻቸው፤ አይደለም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለሱቋ ስቃ ሁለት ብርቱካን መረቀችላቸው።

ረፋድ፣ ስካርቦሮ

ከባስ ስንወርድ ነፋሱ አበባውን ሊነጥቀን ነበር። በር ላይ የተቀበለችን እዚያ የምትሠራው ሰብለ ናት።

"ጋሼ፣ ኤክስፔክት እንዳያደርጉ ይንገሯቸው" አለችኝ ቀስ ብላ። "ሽማግሌው ዛሬም ብሬክፋስት አልነኩም። ቶክ ሳያደርጉ ወራት አለፋቸው።"

ሽማግሌው መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። እህታቸው በዌልስኛ ተናገሩ። ሽማግሌው ከመስኮቱ አልዞሩም። አበባውን ጭናቸው ላይ አኖሩ፤ አላዩትም። ቂጣውን ቆርሰው ሰጡ፤ እጃቸው አልተዘረጋም። እማማ ግዌን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ማንጎራጎር ጀመሩ።

ያቺው ነገር ናት። ለዓመታት በግድግዳችን በኩል የሰማኋት፣ ዜማ የማትመስል ነገር። አንድ ድምፅ ላይ ይቆያሉ፣ ትንሽ ይወርዳሉ፣ ትንሽ ይወጣሉ። ምስኪን፣ ዘፈን ይወዳሉ እንጂ ድምፅ አልታደሉም ብዬ ደምድሜ ነበር። አሁንም ስለ እሳቸው እኔ አፈርኩ።

ከመስኮቱ በኩል ወፍራም ድምፅ መጣ። ቃሉ አንድ፣ መንገዱ ግን ሌላ። መጀመሪያ የተጋጩ መሰለኝ። ቆይቶ ሲገባኝ አልተጋጩም፤ በመሃላቸው ለሌላ ሰው የሚሆን ቦታ ትተው ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሰብለ መድኃኒቱን እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች።

መዝሙሩ አለቀ። ኤምሊን አሁንም ወደ ውጭ ያያሉ። ጨርሰው ወደ ዝምታቸው ተመለሱ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ከዚያ አንድ ጣታቸውን አነሱና የመጨረሻውን ስንኝ ራሳቸው ጀመሩት። እማማ ግዌን ድምፃቸው ተቆራርጦ ተከተሏቸው። እንባቸውን አልጠረጉም፤ ቢጠርጉ ይዘገያሉ።

መልስ ጉዞ

"በጸሎት ቤታችን ሁሉም የየራሱ ድምፅ አለው" አሉኝ ባስ ውስጥ። "ኤምሊን ወፍራሙን፣ እኔ ሁለተኛውን። የመጨረሻው ስንኝ ደስ ካለን ይደገማል፤ የእኛ ሰው እንዲህ ነው።"

"ዋናውን ዜማስ ለምን አንዳችሁ አታወጡትም?"

"እሱ የእናታችን ነው።"

ላጽናናቸው ፈልጌ "ግን አወቁዎት፣ አይደል?" አልኳቸው።

"ስሜን አልጠራም" አሉ። "ቦታዬን ግን ትቶልኛል።"

ቤት ገብቼ ካልሲዬን ራዲያተር ላይ እንዳሰጣሁ እማማ ግዌን በግድግዳው በኩል ማንጎራጎር ጀመሩ። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። ያው ጎዶሎ ዜማ ነው፤ ዛሬ ግን የጎደለው ምን እንደሆነ አውቃለሁና ወንበሬን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ። የመጨረሻውን ስንኝ ጨርሰው ዝም አሉ።

ጠበቅሁ።

ደገሙት።