ክንዱ አልተቀበለም

ክንዱ መጀመሪያ ቫዮሊን ይዞ ሰፈራችን ሰባታሚት የገባ ቀን አባቱ አቶ ገብረ ኪዳን አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «አዝማሪ።» በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጩኸት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቆመው አንድ ጆሯቸው የከበደ ሰው ናቸው። ልጃቸው አዲስ አበባ አራት ዓመት ሙዚቃ ተምሮ ሲመለስም ቃላቸውን አልለወጡም።

ሥራ አልተገኘም። ክንዱ ጠዋት ጠዋት በሩን ዘግቶ አንድ ረጅም የጀርመን የሙዚቃ ድርሰት ይለማመዳል፤ ለቀስቱ የሚቀባው ሙጫ ሲያልቅበት እንደ ማሲንቆ መቺዎች ቀስቱን በዕጣን ያሸዋል። ንዴቱ ከግድግዳው ባሻገር ለእኔ ለጎረቤቱ ይሰማኝ ነበር።

ባለፈው ግንቦት አብሮ አደጉ ሀዲስ ሙዚቃውን በሚመራበት የጣና ዳር የምሳ ግብዣ ላይ እንዲጫወት ጠራው። ክንዱ አባቱን ለመናቸው፤ «አባባ፣ አንድ ጊዜ ሙሉውን ይስሙልኝ። ከዚያ የፈለጉትን ይበሉኝ።»

እኔም አብሬያቸው ሄድሁ። ልጅ ሳለሁ እዚያ ዳር ደንገል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ድምፅ ማጉያ በቅሎበታል።

ክንዱ የጀመረው ድርሰት ገና እኩሌታ ሳይደርስ ከፊት ጠረጴዛ አንድ ጋባዥ ብርጭቆውን አነሣ። «ተቀበል» አለ፣ ለአዝማሪ ግጥም እንደሚሰጥ ሰው፣ አጠገቡ ወደ ተቀመጡት አለቃው እያየ፤

«ጣና ምን ቢሰፋ ዳር አለው ይባላል፣
የጌታው ደግነት ዳሩ የት ይገኛል።»

ክንዱ መጫወቱን ቀጠለ። ሰውየው ግጥሙን ደገመው። ሀዲስ እየተሽቆጠቆጠ መጣ፤ «ተቀበለው በቃ፣ ሁለት መስመር ነው። ሥራ አትፈልግም እንዴ?»

ክንዱ ቀስቱን አወረደ። «የተማርሁት ይህን አይደለም።»

«አዝማሪ ሆነህ ትኮራለህ?» አለ ጋባዡ። ጠረጴዛው ሳቀ።

አቶ ገብረ ኪዳን ከኋላ ተነሡ። «ጌታዬ፣ ይጨርስ። እኔ ገና አልፈረድሁም።»

«አባቱ ነዎት? እንግዲያስ እርስዎ ይቀበሉልኛ።»

ሳቁ ባሰ። ክንዱ ከመጀመሪያው ጀመረ። ሀዲስ ግን በድምፅ ማጉያው ዘፈን ከፈተበት፤ ክንዱ እስከ መጨረሻው ሲጫወት የታየው የእጁ እንቅስቃሴ ነበር፤ የተሰማው ግን ዘፈኑ።

ወጥተን የሐይቁን ዳር ይዘን ሄድን። አቶ ገብረ ኪዳን አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አልሰማሁም። እዚሁ ድገመው።»

ልጁ ቀስቱን አውታሩ ላይ አሳረፈ። የመጀመሪያው ድምፅ ሻካራ ወጣ።

«ተቆጥተህ አትጫወት» አሉት።

«ታዲያ መቼ ልጫወት፣ አባባ?»

አባት ድንጋዩን ትተው ወደ ቫዮሊኑ ተጠጉ፤ ደኅና የሚሰማውን ጆሯቸውን አዞሩለት።