ለኮምፒውተሩ ያለበስኩት ብርድ ልብስ

እህቴ ዐረብ አገር፣ ጅዳ ከተማ ሞታ እዚያው ተቀበረች። ከድምፅዋ ለእናቴ የተረፋት ከመሞቷ በፊት በሰው የላከችው አንድ ካሴት ብቻ ነበር። ያን ጊዜ በከተማችን በመካነ ሰላም ዐረብ አገር ልጅ ያለው ሰው ሰላምታውንም ናፍቆቱንም የሚቀበለው በካሴት ነው። እናቴ በየቀኑ ከቀትር በኋላ የአስርን ሶላት ሰግዳ ስትጨርስ ታስከፍተኝ ነበር።

እኔ ደግሞ ደሴ ስድስት ወር ኮምፒውተር ተምሬ ተመልሻለሁ፤ ከእኔ ወዲያ አዋቂ ላሳር። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር በአውቶቡስ ጣሪያ ጭኜ አመጣሁና ድምፁን ወደ እሱ ገለበጥኩት። ካሴት ይበላሻል፣ ይሄ ግን አይበላሽም አልኳት። ካሴቱም በከንቱ ከሚቀመጥ ብዬ በእህቴ ድምፅ ላይ ከሬዲዮ ዘፈን ቀዳሁበት። ዛሬም ይህን ስጽፍ እጄን መቁረጥ ያምረኛል።

ኮምፒውተሩ ያጉረመርማል። ጠረጴዛው አብሮት ይንቀጠቀጣል፤ ላዩ ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ ሳይቀር ይንቃጨላል። ጆሮዋ ደከም ያለው እናቴ የልጇን ቃል መለየት አቃታት።

«ወፍጮ ቤት ሆና ነው እንዴ የምታወራኝ?» አለችኝ።

አፈርኩ። እህቴ ከጅዳ የላከችውን ወፍራም ብርድ ልብስ ከአልጋ አነሳሁና የኮምፒውተሩን ሣጥን ከፊትም ከኋላም ጥቅልል አደረግሁት። ዝም አለ። እናቴ መረቀችኝ፣ እኔም ተኮፈስኩ። በአራተኛው ቀን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን።

ደሴ ያለው ጠጋኝ የብርድ ልብሱን ነገር ስነግረው ሳቀ። አየር ከልክዬ በሙቀት እንደገደልኩት፣ ድምፁ የነበረበት ዲስክም እንደማይመለስ ነገረኝ። ጉርምርምታው ለካ የጎኑ ቆርቆሮ ብሎኑ ስለላላና የሥሩ እግሮች ስለወላለቁ ኖሯል። ብሎኑን አጠበቀ፣ ከአሮጌ ሸበጥ አራት ቁራጭ ቆርጦ ከሥሩ ለጠፈ፣ ሌላ ዲስክ ከተተበት። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። እኛ ደጅ የወዳደቀው ሸበጥ ለአሥር ኮምፒውተር ይበቃ ነበር። ኩል እኩላለሁ ብዬ ዓይን አጠፋሁ።

ለእናቴ ለጥገና ወሰድኩት ብቻ ነበር ያልኳት። ስመለስ መስገጃዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ሰክቼ አበራሁት። ተነስታ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች። ብርጭቆው ንቅንቅ አላለም።

«አልሐምዱሊላህ፣ ጸጥ አለ» አለች። «በል አሁን ልጄን ክፈትልኝ።»