የማሩ አድራሻ

ለአዲስ አበባ ራዲዮ ከመቱ የንግድ ዜና መላክ ስጀምር የተከራየሁት ክፍል ከአንድ ጠጅ ቤት ጓሮ ነበር። ባለቤቲቱን እትዬ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ዜናዬ ሲተላለፍ ጠጪውን ሁሉ ዝም ያሰኙልኝ ነበር። ስኳር ያልገባበት ጠጅ የሚጥሉ ሴት ነበሩ። ማሩን የሚያመጡላቸው ከሶር ፏፏቴ ወዲያ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅሉ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ገበያ አያወጡትም፤ በቀጥታ ለእትዬ ነው። እትዬም ጣሳውን አጥበው፣ ጨው ወይ ሳሙና አድርገውበት ይመልሱላቸዋል። «ባዶ ዕቃ አይመለስም» ይሉ ነበር።

እኔ ምን አገባኝ? ግን ዓይኔ ያየውን አፌ አያሳድረውም። ሽማግሌው ቤት ድረስ ሄጄ ድምፃቸውን ቀዳሁ። ነጩን ማር አሞገስኩ፤ እንደ ልማዴም መጨረሻ ላይ አድራሻ ሰጠሁ፣ በየት ወርዶ፣ ማንን ጠይቆ እንደሚደረስ። አለቃዬ «ዜና ማለት ይሄ ነው» አሉኝ። የዚያን ሰሞን ኩራቴን አትጠይቁኝ።

መኪኖቹ ለመምጣት አልዘገዩም። የአዲስ አበባ ነጋዴዎች ማሩን ገና ቀፎው ውስጥ ሳለ ተዋውለው ይገዙት ጀመር። ሽማግሌው ቤታቸውን ቆርቆሮ አለበሱ፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ» እያሉ እንደ ልጃቸው ያመሰግኑኛል። እውነቴን ነው፣ ደስ ይለኛል። እትዬ ግን በነጋዴዎቹ ዋጋ ገዝተው ጠጅ መጣል አልቻሉም። ስኳር እንዲቀላቅሉ የመከሯቸውም ነበሩ። «በስተርጅና ደንበኛዬን ላታልል?» ብለው ብርሌዎቹን አጥበው ደረደሩና ለስላሳ መሸጥ ጀመሩ። ለስላሳ ደግሞ በየደጁ አለ። ቤቱ ጭር አለ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አንድም ቀን አላነሱብኝም። ይቅርታ ልል ስነሳ፣ ምን አጠፋሁ ብዬ መልሼ እቀመጣለሁ፤ የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር። እውነት መሆኑ ግን ከጸጸት አላዳነኝም። በመጨረሻ ሰፋ ያለ ክፍል አገኘሁ ብዬ ከጓሯቸው ወጣሁ። ክፍሉ አይሰፋም።

ባለፈው ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ በጎረነነ ድምፅ ዜና ሳነብ ሰምተው አስጠሩኝ። ከመደርደሪያው ትንሽ ጠርሙስ ማር አወረዱ። ሽማግሌው ስለ ወዳጅነታቸው ብለው ለበዓል የላኩላቸው ነው፤ ሌላ ማር ቤቱ ውስጥ የለም።

«እርስዎስ፣ እትዬ?»

«እኔ ምን አደርግበታለሁ። አንቺ ላሺው፣ ድምፅሽ እንዳይዘጋ።»

ላስኩት። ድምፄም ተከፈተ። ጠርሙሱን አጥቤ ጠረጴዛዬ ላይ ካስቀመጥኩት ሰነባበተ። ባዶውን መመለስ ነውር ነው። ትናንት ጨው ሞልቼበት እስከ በራቸው ሄድኩ፤ ራዲዮናቸው ተከፍቷል፣ ዜናዬን እየጠበቁ ነው። አፍሬ ተመለስኩ።