ግማሹ ሒሳብ

የእቁቡ የመጀመሪያ እጣ ለረውዳ ወጣ ሲባል ከሁሉ ቀድማ እልል ያለችው ጣይባ ናት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እልልታው ከአፏ ሳያልቅ ቅናት ያዛት። ጓደኛዋን አቅፋ ስትስማት እንኳ በልቧ የምትለው «ምነው የኔ በሆነ!» ነበር።

ሁለቱም የቃሉ ወረዳ ገበሬ ልጆች ናቸው። አንድ ትምህርት ቤት ተምረው፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ውጤት ለሁለቱም ሳይመጣ ቀርቶ፣ በአንድ ሚኒባስ ኮምቦልቻ መጥተው አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገቡ። ረውዳ ኮሌታ ትሰፋለች፤ ጣይባ እጅጌ። የሚከራዩት አንድ ክፍል፣ የሚተኙበት አንድ ፍራሽ፣ የሚመኙትም አንድ ነገር ነው፤ ደሴ ካለው፣ ቅዳሜና እሁድ ከሚያስተምረው የግል ኮሌጅ ገብቶ ነርስ መሆን። የእቁቡ ገንዘብ መመዝገቢያውንና የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ ይሸፍናል። እጣ ግን እንደ ፍራሽ ለሁለት አይሆንም።

ጣይባ ረውዳን ትወዳለች፤ የረውዳ ነገር ከሷ እስካልበለጠ ድረስ። ረውዳ አዲስ ሻሽ ስትገዛ፣ ቀለሙ ቶሎ እንደሚለቅ ጣይባ ታውቃለች። አለቃቸው የረውዳን ስፌት ሲያመሰግን፣ ጣይባን ያን ቀን ሙሉ ራሷን ያማታል። ክፉ ሆና አይደለም። እንዲያው አይሆንላትም።

እቁብ ደግሞ ሕግ አለው። ቀድሞ የበላ ሰው ዋስ ይጠራል፤ ገንዘቡን ይዞ ቢጠፋ ቀሪውን የሚከፍለው ዋሱ ነው። ረውዳ በማግሥቱ በምሳ ሰዓት መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ጣይብየ፣ ዋስ ትሆኝኛለሽ አይደል?»

ጣይባ ዓመት ሙሉ ለራሷ ስታሰላው የኖረችውን ሒሳብ ዘረገፈችው። «ኧረ በአላህ አስቢበት! የግል ክሊኒክ ለጀማሪ ነርስ የሚከፍለው ኸኛ ደሞዝ ቢበልጥ ያንድ ጫማ ዋጋ ነው። በዚያ ላይ የእቁቡን በየወሩ ትጥያለሽ፤ ለቀረው ዓመት ክፍያ ሌላ ትበደሪያለሽ። ቅዳሜና እሁድ ተማሪ ኸሆንሽ የትርፍ ሰዓቱም ገንዘብ ቀረ። ተመርቀሽ ዕዳ ስትገፊ ጠጉርሽ ይሸብታል። ላም አለኝ በሰማይ ነው! ወላሂ ላንችው ብየ ነው፤ ዋስ አልሆንሽም።»

ያለችው ሁሉ እውነት ነው። ያላለችው ግን ይበልጥ ነበር። ጎረቤታቸው የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። መንግሥት ሆስፒታል ለሚቀጠር ደሞዙ እንደሚሻል፣ የአዳር ተረኛ ለብቻው እንደሚከፈለው፣ በየጊዜው እድገት እንዳለው ለጣይባ አንድ በአንድ ነግራታለች። እጅጌ የሚሰፋ ሰው ዛሬም ነገም እጅጌ ይሰፋል። ጣይባ ይህን ግማሽ ዋጠችው።

ረውዳ አልተከራከረችም። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ «በይ እጣውን አንች ብይው፤ ያንች ሲወጣ እኔ እወስዳለሁ» አለቻት። ጣይባ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ለእናቷ ቤት ቆርቆሮ እንደምትገዛበት ነገረቻት።

አብረው የእቁቡ ዳኛ ጋሽ እንድሪስ ቤት ሄዱ። ሽማግሌው መነጽራቸውን ካደረጉ በኋላ፣ «ዋስሽስ ማን ነው፣ ልጄ?» አሉ።

ጣይባ አፏን ሳትከፍት ረውዳ ቀደመቻት። «እኔ ነኝ ጋሼ። የት ልፈርምልዎ?»

ጣይባ እግሮቿን ማየት ጀመረች።

ቅዳሜ ብሩን በመቀነቷ ቋጥራ፣ ቆርቆሮ ልታማርጥ ነው ተብሎ፣ ደሴ ወጣች። ከፒያሳ በባጃጅ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ደረሰች። ኮሌጁ በር ላይ ነጭ ጋውን ክንዳቸው ላይ የጣሉ ልጆች ቆመው ይሳሳቃሉ። ከመሀላቸው አንዷ ረውዳን መሰለቻትና ጣይባ ደሟ ፈላ። ወዲያው ገንዘቡ ያለው በሷ ወገብ መሆኑ ትዝ ሲላት አንገቷን ቀና አድርጋ ገባች።

መዝጋቢዋ ስሟንና አድራሻዋን ጠየቀቻት፤ ጻፈች። «ተጠሪሽስ? አንድ ነገር ቢያጋጥምሽ ማን ጋ እንደውል?»

ጣይባ በዚህ አገር ያላት አንድ ሰው ብቻ ነው። የረውዳ ስም ምላሷ ላይ ደርሶ ቆመ። ቢደወልላት ረውዳ ምን ትላለች? ላም አለኝ በሰማይ ብሎ ያስቀራት ማን ሆነና? ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ያች እንኳን ለስልክ፣ ለጣይባ ዕዳም ሳትጠየቅ የፈረመች ልጅ ናት። ጣይባ አፈረች። «ቆይ፣ ልምጣ» ብላ ወጣችና ሚኒባስ ተሳፈረች።

ቤት ስትደርስ ረውዳ ግቢው ቧንቧ ሥር ልብስ ታጥባለች። «ቆርቆሮው ተወደደ እንዴ?» አለቻት።

«ቆርቆሮ የለም። ኮሌጅ ልመዘገብ ነው የሄድኩት» አለች ጣይባ። «ያን ለት የነገርኩሽ ግማሹን ሒሳብ ነው። ሌላውን ቀንቼ ደበቅኩሽ።» ነርሷ ያለቻትን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ነገረቻት።

ረውዳ የጨመቀችውን ቀሚስ ገመዱ ላይ ሰቀለች። «አውቀዋለሁ። ነርሷን እኔም ጠይቄያታለሁ።»

«ታዲያ እጣሽን ለምን ሰጠሽኝ?»

«ዋስ ኸሌለኝ እጣው ምን ይሠራልኛል? ኸአንች ሌላ ማን አለኝ?» ረውዳ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «አንች ግን ዋስ ነበረሽ።»

ጣይባ መቀነቷን ፈትታ ብሩን ረውዳ እጅ ላይ አኖረችው። «ያን ጋውን ለብሰሽ ሳይሽ ቅናት ይገለኛል» አለቻት እያለቀሰች። «ይግደለኝ። ነገ ጋሽ እንድሪስ ዘንድ ሄደን እፈርምልሻለሁ።»

ፈረመችላትም። ይኸው አሁን ረውዳ በየቅዳሜው ማለዳ ደሴ ትወጣለች። ጋውኗን ካውያ የምታደርግላት ጣይባ ናት። ኮሌታውን ደጋግማ ታስተካክላለች፣ እጅጌውን ታሳምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ራሷን ያማታል።